በበረዶ ወራት ከዶሮ እግር የሚሠራ ዶሮ ወጥ፦ ለስምንት ሰው፣ በትንሽ ወጪ

ጥር ሲገባ ሚኒሶታ ውስጥ ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ይመሻል። መንገዱ በረዶ ነው፣ መኪናው በረዶ ነው። እንዲህ ባለ ቀን ከሥራ የገባ ሰው የሚያምረው ትኩስ፣ ወፈር ያለ፣ ግንባር ላይ ላብ የሚያወጣ ወጥ ነው። ለእኛ ደግሞ ከዶሮ ወጥ የሚበልጥ የለም።

ብዙ ሰው ግን ዶሮ ወጥን ለበዓል ብቻ ያስቀምጠዋል። «ወጪው አይቻልም» ይላል። እኔም እንደዚያ እል ነበር። አንድ ቀን የገበያ ደረሰኜን ይዤ ቁጭ አልኩና አንድ በአንድ ደመርኩት። ገንዘቡ የሄደው ለዶሮው፣ ለቅቤውና ለበርበሬው ነበር። ከሁሉም የረከሰው ሽንኩርቱ ነው። ዶሮ ወጥን ዶሮ ወጥ የሚያደርገውም እሱው ሽንኩርት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥጋው ላይ እቆጥባለሁ፤ ቅቤውንም በመጨረሻ ብቻ ነው የማስገባው። ሽንኩርትና ጊዜ ላይ ግን አልሰስትም። ወጡም ድሮ ብዙ ገንዘብ አውጥቼ ከምሠራው የተሻለ ሆነልኝ።

ጊዜውን ከአሁኑ እወቁት፤ ከሦስት ሰዓት ተኩል እስከ አራት ሰዓት ይፈጃል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይመቻል።

ለስምንት ሰው የሚያስፈልገው ይኸው ነው፦

6 የዶሮ እግር ከነታፋው (2 ኪሎ ከ200 ግራም ገደማ)
2 ኪሎ ሽንኩርት
100 ግራም በርበሬ (አንድ መካከለኛ ስኒ ሙሉ)
150 ሚሊ ሊትር ዘይት
1 ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ አውራ ጣት የሚያክል ዝንጅብል
4 የሾርባ ማንኪያ የተነጠረ ቅቤ
8 እንቁላል
1 የሻይ ማንኪያ መከለሻ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ኮረሪማ
2 ሎሚ፣ ጨው

የትኛውን ዶሮ ልግዛ?

እዚህ አሜሪካ ትልልቆቹ መደብሮች የዶሮ እግር ከነታፋው በአሥር ፓውንድ ከረጢት ይሸጣሉ። አራት ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። ከረጢቱ ላይ «ሌግ ኳርተር» የሚል ታገኛላችሁ። አጥንት ከሌለው ደረት ጋር ሲተያይ ዋጋው ብዙ ጊዜ ከግማሽ በታች ነው። ሃላል ለምትፈልጉም ሃላል ሥጋ ቤቶች እግሩን ለብቻው ይሸጣሉ።

ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም የመረጥኩት። ለወጥ የሚሆነው ይህ ነው። ደረት ከድስት ውስጥ ትንሽ ከቆየ ይደርቃል፤ ስታኝኩት እንደ ጥጥ ይሆናል። እግርና ታፋ ግን ብዙ ጅማትና ልስላሴ የሚሰጥ ነገር አላቸው። ያ ጅማት ቀስ ብሎ ሲበስል ይቀልጥና ወጡን ያወፍረዋል።

አንድ ደስ የሚለኝ ነገር ደግሞ አለ። እናቶቻችን አንዱን ዶሮ 12 ብልት ያወጡለታል። ስድስቱን እግር ለሁለት ለሁለት ስትከፍሉት ስድስት ታፋና ስድስት ቅልጥም ይወጣል። ይኸው 12። ፈረሰኛ የለበትም፣ ልክ ነው። ትልቅ እንግዳ ከመጣባችሁ አንድ ደረት ከነአጥንቱ ጨምሩ፤ ለአዘቦት ግን ማንም አይጠይቃችሁም።

የአፍሪካና የእስያ ሱቆች ውስጥ «ሃርድ ቺክን» የምትባል ጠንካራ ዶሮ አለች። እንቁላል ስትጥል የከረመች ናት። ጣዕሟ ወደ አገር ቤት ዶሮ ይቀርባል። እሷን ከገዛችሁ ግን የማብሰያው ሰዓት ይለወጣል፤ ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

ብልት ማውጣትና ማጠብ

መጀመሪያ ቆዳውን ግፈፉ። በወጥ ቤት ወረቀት ብትይዙት አያንሸራትታችሁም። ቀጥሎ ቅልጥሙና ታፋው የሚገናኙበትን ቦታ ፈልጉ። እግሩን ከውስጥ በኩል ገልብጣችሁ ስታዩት ቀጭን የስብ መስመር ይታያል። ቢላውን እዚያ መስመር ላይ አሳርፉትና ጫን በሉት። ቦታው ከሆነ አጥንት ሳይነካ ሰተት ብሎ ይወርዳል። ከተደናቀፈ ቦታውን ስታችኋል፤ ትንሽ ወደ ቅልጥሙ ወይም ወደ ታፋው ጠጋ አድርጉት። በኃይል አትምቱት። የተሰባበረ አጥንት ወጡ ውስጥ ይቀራል፣ ለልጅ ጉሮሮ አደጋ ነው።

ከታፋው ጋር ተያይዞ የመጣ የጀርባ አጥንት ታገኛላችሁ። ቆርጣችሁ ለብቻው አስቀምጡት፤ መረቅ ይሆናችኋል። ከዚያ እያንዳንዱን ብልት ሁለት ቦታ ጫር ጫር አድርጉት። ቁሌቱ በዚያ ነው የሚገባው።

አሁን እጥበቱ። እኛ ዶሮ ሳናጥብ አንሠራም። የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት ደግሞ ጥሬ ዶሮ አትጠቡ ይላል፤ ከቧንቧ የሚረጨው ውሃ ጀርሙን ወደ ዕቃውና ወደ ሌላው ምግብ ያዳርሰዋልና። ምክሩ ትክክል ነው። እኔ ሁለቱን እንዲህ አስታርቄያቸዋለሁ። ጎድጓዳ ዕቃ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ፣ የሁለቱን ሎሚ ጭማቂና ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨው አደርጋለሁ። ዶሮውን 20 ደቂቃ እዘፈዝፈዋለሁ። በእጄ ቀስ ብዬ አሸት አሸት አደርገዋለሁ። ውሃውን ሳልረጭ ደፍቼ በሌላ ንጹሕ ውሃ እደግመዋለሁ። ከላዩ ቧንቧ አልከፍትም። ስጨርስ ማጠቢያውንና እጄን በሳሙና፣ ማጠቢያውን ደግሞ በበረኪና አጸዳለሁ። ከግማሽ ሰዓት በላይ ሎሚ ውስጥ አታቆዩት፤ የሥጋው ገጽ ይነጣል፣ ይጠነክራል።

ብልቶቹን አጠንፍፋችሁ ክዳን ባለው ዕቃ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጡ። ተራቸው ሩቅ ነው።

መረቁ

የጀርባ አጥንቶቹን፣ የሽንኩርት ጫፍና ጥቂት የዝንጅብል ልጣጭ በአንድ ሊትር ተኩል ውሃ ጣዱ። ሲፈላ የሚወጣውን አረፋ ቅፈፉ። በዝግታ አንድ ሰዓት ይንተክተክ። አጥልሉት። ቆዳውን አትጨምሩበት፣ ስቡ የወጡን ጣዕም ይጫነዋል።

ወጡ ላይ ውሃ በሚል ቦታ ሁሉ ይህን መረቅ ትጠቀማላችሁ። ሊጣል የነበረ አጥንት ነው፤ ወጡ ግን ሁለት ዶሮ የገባበት ያህል ይጠነክራል።

ሽንኩርቱ

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ወጡ የሚሠራው እዚህ ነው።

አገር ቤት የምናውቀው ሽንኩርት ትንሽና ጠንካራ ነው፤ ውሃው ያንሳል። የአሜሪካው ትልቅና ውሃማ ነው። ስለዚህ እናታችሁ በግማሽ ሰዓት የጨረሰችውን እናንተ በአንድ ሰዓት ብትጨርሱ አትደንግጡ። ቢጫው ከቀዩ ይረክሳል፣ ጥሩ ይሆናል። እኔ ግማሽ በግማሽ አደርገዋለሁ። ጣፋጭ ተብሎ የሚሸጠውን ግን ተዉት። ውሃው ይበዛል፣ ወጡም ስኳር ስኳር ይላል።

ደቃቅ አድርጋችሁ ክተፉት። ሁለት ኪሎ በእጅ መክተፍ እንደሚያደክም አውቃለሁ፤ በማሽን ይቻላል። ግን ጥቂት በጥቂት ጨምራችሁ፣ ጫን ለቀቅ፣ ጫን ለቀቅ አድርጉት። ሩዝ የሚያህል ሲሆን በቃ። ወደ ጭማቂ ከተለወጠ ይመራል፣ ውሃውን ለማድረቅም ዘመን ይፈጃል።

ያላችሁን ትልቁንና ታቹ ወፍራም የሆነውን ድስት አምጡ። ስስ ድስት ያሳርርባችኋል። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት፣ ያለ ውሃ ጣሉትና መካከለኛ እሳት ላይ ጣዱት። ክዳን የለም። ክዳኑ የሚወጣውን እንፋሎት መልሶ ያንጠባጥበዋል።

የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ላይ ሽንኩርቱ ውሃውን ይለቅቃል። ድስቱ ውስጥ ሾርባ የመሰለ ነገር ይሞላል። ከመቶው 89 እጅ ያህሉ ውሃ ነውና አይግረማችሁ። ያ ውሃ ነው መሄድ ያለበት። በየአራት አምስት ደቂቃው እያማሰላችሁ ጠብቁ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጆሯችሁን ስጡት። እስከዚያ ድረስ ቡልቅ ቡልቅ ይል የነበረው ድምፅ ይለወጣል፤ ጭስ… ጭስ… ማለት ይጀምራል። ውሃው አለቀ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ከድስቱ መራቅ የለም። እሳቱን ቀንሱና ሳታቋርጡ አማስሉ። ከስር ሲይዝባችሁ አንድ የሾርባ ማንኪያ መረቅ ጠብ አድርጉና ፍቃችሁ አንሡት። ያ የያዘው ቡናማ ነገር ጣዕም ነው፣ ከወጡ ጋር ይዋሃድ። ከጠቆረና ከሸተተ ግን አትፋቁት፤ ሽንኩርቱን ወደ ሌላ ድስት ገልብጡ።

መድረሱን እንዲህ አረጋግጡ። ማማሰያውን በድስቱ ወለል ላይ ከዳር እስከ ዳር ጎትቱት። መንገዱ ወዲያው ከተዘጋ ገና ነው። ሦስት እስክትቆጥሩ ድረስ ክፍት ሆኖ ከቆየ ደርሷል። ድስት ሙሉ የነበረው ሽንኩርት ወደ ሲሶው ወርዶ፣ ቀለሙ ወደ ቡናማ አዘንብሎ ታገኙታላችሁ።

የመጀመሪያ ዶሮ ወጤን ስሠራ ይህን አላውቅም ነበር። ርቦኝ ነበር፣ ከሥራም ደክሞኝ ነበር የመጣሁት። ሽንኩርቱ ውሃውን ሳይጨርስ ዘይቱን አፈሰስኩበት፣ በርበሬውንም ወዲያው አከታተልኩ። እንጀራው ላይ ሳወጣው ቀዩ ውሃ ወደ ዳር ሸሸ። ሽንኩርቱ መሃል ላይ ነጭ ነጭ እያለ ቀረ። ሌሊቱን ሙሉ ቃር አላስተኛኝም። በማግሥቱ እማዬ ጋ ደውዬ ነገርኳት። «ሽንኩርቱ እንባውን ሳይጨርስ ምን አስቸኮለሽ ልጄ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ድስቱ አጠገብ በቆምኩ ቁጥር ትዝ ትለኛለች።

አሁን ዘይቱን ጨምሩ። ዘይት ነው፣ ቅቤ አይደለም። ብዙ ቤት ቅቤውን እዚህ ላይ ያፈሱታል። ለሁለት ሰዓት ያህል ሲንተከተክ መዓዛው አብሮ ይሄዳል፤ ውድ ነገር ነው፣ አይባክን። በዘይቱ ሃያ ደቂቃ አቁላሉት። ሽንኩርቱ ይለሰልሳል፣ ያብረቀርቃል።

ትንንሽ ልጆች ያሏችሁ እዚህ ላይ አንድ ነገር አድርጉ። ከቁሌቱ ሁለት ጭልፋ ወደ ትንሽ ድስት ቀንሱ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ፣ ትንሽ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ ሁለት ቅልጥምና አንድ ሁለት ድንች ጨምራችሁ በመረቅ አብስሉት። አልጫ ሆነላቸው። ለልጅ ሌላ ምግብ መሥራት ቀረ።

በርበሬው

በርበሬ ከዘይት በኋላ የሚገባው ያለ ምክንያት አይደለም። የበርበሬ ቀለሙም ማቃጠሉም በውሃ አይሟሟም፤ በዘይትና በቅባት ነው። ያለ ዘይት በውሃ ብቻ የገባ በርበሬ ዱቄት ዱቄት እንዳለ ይቀራል። በሌላ በኩል በጋለ ዘይት ላይ ደረቁን ከጣላችሁት ባንድ አፍታ ያርና ይመራል። ስለዚህ እሳቱን ዝቅ አድርጉ፣ ግማሽ ስኒ ሙቅ መረቅ ጨምሩ፣ ከዚያ በርበሬውን በትኑበት።

ካሁን በኋላ ያለው ሥራ ጠብ እያደረጉ ማቁላላት ነው። ደረቅ ሲል ሦስት አራት ማንኪያ ሙቅ መረቅ ጠብ አድርጉ፣ አማስሉ። እንደገና ደረቅ ይላል፣ እንደገና ጠብ። መረቁ የፈላ ወይም የሞቀ ይሁን። ቀዝቃዛ ከሆነ ማቁላላቱን ያቋርጠዋል። በዚህ ዓይነት 40 ደቂቃ ሂዱ። ከሃያ ደቂቃው በኋላ የተፈጨውን ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጨምሩ። ነጭ ሽንኩርት ቀድሞ ከገባ ቶሎ ያራል።

ሽታው ይመራችኋል። መጀመሪያ አፍንጫ ይሰነፍጣል፣ ያስነጥሳል። ጥሬ ነው። ቀስ እያለ ስንፈጣው ይጠፋል፣ በቦታው ደስ የሚል ጣፋጭ ሽታ ይመጣል። ቀለሙም ከደማቅ ቀይ ወደ ጠቆር ያለ የጡብ ቀለም ይለወጣል። ዘይቱ በድስቱ ዳርና ዳር ቀይ ሆኖ ሲወጣ በርበሬው በስሏል። ትንሽ በማንኪያ ጫፍ ቅመሱ። ምላስ ላይ አሸዋ አሸዋ የሚል ነገር ካለ አሥር ደቂቃ ጨምሩለት።

ጨው እስካሁን አልጨመርንም። ብዙ በርበሬ ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል፤ ከሱቅ የተገዛው በተለይ። ቀምሳችሁ ነው የምትጨምሩት፣ ያውም ዶሮው ከገባ በኋላ።

ዶሮው ሲገባ

ብልቶቹን ከማቀዝቀዣ አውጥታችሁ በወረቀት አድርቋቸው። ውሃ ይዘው ከገቡ ያን ሁሉ ሰዓት ያደረቅነውን መልሰን ማርጠባችን ነው። ቁሌቱ ላይ ጨምራችሁ አሥር ደቂቃ ያህል ቀስ እያላችሁ አገላብጡ። ሥጋው ከየአቅጣጫው ቀይ ይልበስ። ከዚያ አራት ብርጭቆ ሙቅ መረቅ ጨምሩ፤ ብልቶቹን ሊሸፍን ጥቂት ይቅረው። መካከለኛ ጨው አድርጉ።

ክዳኑን ገርበብ አድርጋችሁ በዝቅተኛ እሳት ከ35 እስከ 40 ደቂቃ አብስሉ። እዚህ ላይ ነው ብዙዎቻችን የምንሳሳተው። እናቶቻችን ዶሮውን ረጅም ሰዓት የሚያንተከትኩት የአገር ቤት ዶሮ ጠንካራ ስለሆነ ነው። የፈረንጁ ዶሮ ጥቂት ሳምንት ብቻ የኖረ፣ ለስላሳ ሥጋ ነው። ያን ያህል ከቆየ ከአጥንቱ ተላቅቆ ይበታተናል፣ ወጡ ውስጥ ክር ክር ይሆናል። የረጅሙ ሰዓት ድርሻ የቁሌቱ ነው፤ ዶሮው መጨረሻ ላይ ይመጣል። ያቺን ጠንካራዋን ዶሮ የገዛችሁ ግን አንድ ሰዓት ተኩል፣ አንዳንዴም ሁለት ሰዓት ስጧት፤ መረቁንም በየመሃሉ ጨምሩ።

የምግብ ሙቀት መለኪያ ያላችሁ በታፋው ወፍራም ቦታ፣ አጥንቱን ሳትነኩ ለኩ። ለጤና 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበቃል። ታፋና ቅልጥም ግን ወደ 85 ሲጠጋ ነው ልስልስ የሚለው። መለኪያ ከሌላችሁ ቅልጥሙን በሹካ ውጉት። ያለ ትግል ከገባና ከአጥንቱ አጠገብ ደም ካልታየ በስሏል።

ዶሮው ሲበስል እንቁላሉን ለብቻው ቀቅሉ። ውሃው ከፈላ በኋላ 11 ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ክተቱት። እኔ በክረምት ከበረንዳዬ አንድ ጎድጓዳ ሳህን በረዶ አፍሼ እዚያ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ፣ ልጣጩ በቀላሉ ይነሣል። አንድ ሳምንት የቆየ እንቁላል ከአዲሱ ይልቅ ይላጣል። ስትልጡት ዙሪያውን በቢላ ጫፍ አራት ቦታ ሰንጠቅ አድርጉት፤ ወጡ እንዲገባው።

የመጨረሻው አሥር ደቂቃ ላይ እንቁላሉን፣ የተነጠረውን ቅቤ፣ መከለሻውንና ኮረሪማውን ጨምሩ። ክዳኑን አንሡ። በማማሰያ አታተራምሱት፤ የድስቱን ሁለት ጆሮ በጨርቅ ይዛችሁ ዘወር ዘወር አድርጉት። ያኔ ነው ቤቱ የበዓል ሽታ የሚሸተው። አራት ማንኪያ ቅቤ መጨረሻ ላይ ሲገባ፣ አንድ ስኒ ቅቤ መጀመሪያ ላይ ከገባው ይበልጥ ይሸታል። ሞክራችሁ እዩት።

እሳቱን አጥፉ። ከድኑት። ግማሽ ሰዓት ይረፍ። መራባችሁን አውቃለሁ፣ ግን በዚህ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ወጡ ይረጋል፣ ዘይቱ ከላይ ይወጣል፣ ሥጋውና ቁሌቱ ይስማማሉ።

ሳይሆን ሲቀር

ቀጠነባችሁ? ዱቄት እንዳትነካኩ። ብልቶቹን በሳህን አውጡና ቁሌቱን ለብቻው ክዳን ሳትከድኑ አንተክትኩት። ሲወፍር መልሷቸው።

ጨው በዛ? ጨው የሌለበት መረቅ ጨምራችሁ ሁለት የተላጠ ድንች አብራችሁ ቀቅሉ። ድንቹ የተወሰነ ጨዋማ መረቅ ይጠጣል፣ መረቁም ያቀጥነዋል፣ ድንቹ ራሱም ይበላል።

በርበሬው ካረረ ግን መድኃኒት የለውም። መራራነቱ አይለቅቅም። ስለዚህ ነው በዚያ 40 ደቂቃ ውስጥ ስልክ አታንሡ የምለው።

ቤቱና ልብሱ

በረዶ ሲሆን መስኮት ሁሉ ዝግ ነው። የቁሌት ሽታ ደግሞ ጃኬት ላይ ከተቀመጠ ሳምንት አይለቅም፤ ሰኞ ሥራ ቦታ አብሯችሁ ይገባል። ሥራ ስትጀምሩ ጃኬቶቹን ሁሉ ቁምሳጥን ውስጥ ዝጉ። የመኝታ ቤት በሮችን ዝጉ፣ በር ስር ፎጣ አድርጉ። የምድጃውን አየር ማውጫ ከመጀመሪያው ክፈቱ፣ አንዱን መስኮት የሁለት ጣት ያህል ገርበብ አድርጉ። የጭስ ማስጠንቀቂያው እንዳይጮህ ባትሪ የሚነቅል ሰው አለ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ።

ሲቀርብ

በእንጀራ ነው፣ ይታወቃል። እንጀራ ሲወደድ ግማሹን ሰው በሩዝ ማብላት ይቻላል፤ ልጆች እንዲያውም ይወዱታል። አይብ ደግሞ ቤት ውስጥ ሥሩ። ሁለት ሊትር ስቡ ያልወጣለት ወተት ሊፈላ ሲል እሳቱን አጥፉና አራት የሾርባ ማንኪያ ሎሚ ወይም አቼቶ ጨምሩ። ሲቋጠር አሥር ደቂቃ ትታችሁ በንጹሕ ስስ ጨርቅ አጥልሉት። በቃ። ሱቅ ከሚሸጠው ዋጋው ያንሳል፣ በርበሬውንም ያበርዳል።

በጾም አብስሎ ለፍስክ ማቆየት

እኔን ከሁሉም በላይ ያሳረፈኝ ነገር ይህ ነው። የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ይዘልቃል። ቁሌታችን ደግሞ እስከ በርበሬው ድረስ በዘይት ብቻ የተሠራ ነው። ጠብ የሚደረገውን በመረቅ ፋንታ በሙቅ ውሃ ካደረጋችሁት ሙሉ በሙሉ የጾም ነው። ስለዚህ በጾሙ ውስጥ አንድ ቅዳሜ አሥር ፓውንድ ሽንኩርት ገዝቼ አንዴ አቁላላለሁ። ትልቅ ድስት ከሌላችሁ በሁለት ድስት አድርጉት፤ አንዱ ድስት ውስጥ ከታጨቀ ውሃው አይደርቅም። ግማሹ በሳምንቱ ውስጥ ለምስር ወጥና ለሽሮ ይሆነኛል። ግማሹን በፕላስቲክ ከረጢት ጠፍጠፍ አድርጌ ፍሪዘር ውስጥ እደረድራለሁ። ሦስት ወር ያለ ችግር ይቆያል።

ገና ሲደርስ ከረጢቱን ከዋዜማው አውርዶ ማሟሟት ነው። ቁሌቱ ሲሞቅ ዶሮው ይገባል። በሦስት ሰዓት ተኩል ይሠራ የነበረው ወጥ በአንድ ሰዓት ይደርሳል። በገናና በዐቢይ ጾም መካከል ባሉት የፍስክ ቀኖችም እንዲሁ ነው፤ ማክሰኞ ማታ ከሥራ ገብቶ ዶሮ ወጥ መብላት ይቻላል።

የተረፈውን ወጥ በሁለት ሰዓት ውስጥ አቀዝቅዛችሁ ማቀዝቀዣ ክተቱ፣ በሦስት በአራት ቀን ውስጥም ጨርሱት። ፍሪዘር የሚገባ ከሆነ እንቁላሉን መጀመሪያ አውጡና ብሉት። በረዶ ሆኖ ሲመለስ ነጩ እንደ ላስቲክ ይሆናል። ስታሞቁት ሁለት ማንኪያ ውሃ ጨምሩ፣ በዝግታ አሙቁ።

ድስቱ ስር የሚቀረው ቁሌት ደግሞ አይታጠብም። እሑድ ጠዋት አንድ ጭልፋ ውሃ ጨምራችሁ አፍሉት፣ የደረቀውን እንጀራ ፍርፍር አድርጉበት፣ ከላዩ አይብ ጣል አድርጉ። እኛ ቤት ለዚያ ፍርፍር ሲባል ልጆች ሳይቀሰቀሱ ይነሣሉ።